አድዋ በ28 ሚሊ ሜትር

መጽሐፉ ገና ከሽፋኑ ጠብ ያነሳል። ርእሱ "የ1896 የአድዋ ዘመቻ ሠራዊቶች" ይልና ከሥሩ "የጣሊያን መዓት በኢትዮጵያ" የሚል ያክልበታል። ልጅ ሆኜ የካቲት 23 ሲመጣ የምሰማው ሁሉ ድል ነበር፤ እዚህ ግን የቀኑ ባለቤት የተሸነፈው ወገን ነው። አንባቢው ከጣሊያን ድንኳን ተነስቶ ወደ ጦሩ ይገባል፣ ተሸንፎም ይወጣል። ደራሲው ሾን ማክላክላን ለኢትዮጵያ ክፉ አሳቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጦር ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘ እንዳልነበረ፣ ዘመናዊ ጠመንጃም በብዛት እንደነበረው ይነግረናል። ርእሱ ግን መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ ይናገራል። እኔም ይህን ዳሰሳ የምጽፈው ለእኔ ያልተጻፈ መጽሐፍ ገዝቼ ስለተጠቀምኩበት ነው።

ሥራው 48 ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ኦስፕሬይ አሳታሚ "ሜን አት አርምስ" በተባለው ተከታታይ ውስጥ በ471ኛ ቁጥር ወጣች። የቀለም ሥዕሎቹን የሠራው ራፋኤሌ ሩጄሪ ነው። የተከታታዩ አንባቢዎች በአብዛኛው የታሪክ ተማሪዎች አይደሉም። አሻንጉሊት ወታደር የሚሰበስቡ፣ የሚቀቡና ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው በዳይስ የሚያዋጉ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ለኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ላብራራ። ቅርጾቹ ከነጭ ብረት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው፤ በብዛት የሚሸጡት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአውራ ጣት አንጓ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ቀለም ሳይነካቸው ይገዛሉ። ገዢው ከፋብሪካ የተረፋቸውን ትርፍ ብረት ይሞርዳል፣ መነሻ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ልብሱን፣ ቀበቶውን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ይሞላል። አንድ ሰው "የዝናሩ ቀለም ምን ነበር?" ብሎ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሚያድርበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የሥራው ሰፊ ክፍል ምርምር ነው፤ ጨዋታው በወር አንዴ ቢደርስ ነው።

በጣሊያን በኩል መጽሐፏ ለዚህ ሰው ትበቃለች። የነጩን ወታደር የፀሐይ ቆብ፣ ቤርሳልየሪ የተባለውን ቀላል እግረኛ የዶሮ ላባ፣ አድዋ ላይ የተሰለፈውን የአልፒኒ (የተራራ ጦር) ሻለቃ፣ አስካሪ የተባለውን ለጣሊያን የተሰለፈ የአገሬው ተወላጅ ወታደር ቀይ ተርቡሽና ሻለቃውን የሚለይበትን የወገብ መቀነት ቀለም የሚፈልግ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። የጣሊያን ጦር ደንብ ያለው፣ ደንቡን የሚጽፍ፣ የጻፈውንም የሚያስቀምጥ ጦር ነበር። አገሩ በ1891 ሞዴል አዲስ ጠመንጃ ሠራዊቱን እያስታጠቀ ሳለ ወደ ኤርትራ የወረደው ወታደር አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ መምጣቱ እንኳ ከመዝገብ የሚገኝ ነገር ነው። ለቀቢው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተሳሳተ ጠመንጃ የያዘ ቅርጽ ገዝቶ ያዘነ ሰው ያውቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ የደንብ ልብስ መነጽር ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ነው። ተከታታዩ የተቀረጸው ለአውሮፓ ጦር ነው። መሀል ላይ ስምንት ገጽ የቀለም ሥዕል አለ፤ በየገጹ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል፤ ከኋላ የእያንዳንዱ ልብስ ይተነተናል። ይህ ቅርጽ የሚሠራው አንድ የተሳለ ሰው ሺህ ሰው ሲወክል ነው። የአንድ ቤርሳልየሪን ሥዕል ካየህ ሻለቃውን በሙሉ አየህ። የአንድ የጎጃም ባላገርን ሥዕል ካየህ ግን ያየኸው ያንን ባላገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሌላ ለብሷል። ስለዚህ ቀቢው "እንግዲያው ደንብ የላቸውም" ብሎ ይደመድምና እንደፈለገ ይቀባል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወገን ጦር ይሆናል፣ ሌላው ሕዝብ ይሆናል።

ደንብ ግን ነበር። የት እንደተጻፈ ለማወቅ አማርኛ መስማት ብቻ ይበቃል። ፊታውራሪ ማለት ከፊት የሚቀድም፣ ቀኝ አዝማች ቀኙን የሚያዘምት፣ ግራ አዝማች ግራውን የሚያዘምት፣ ደጃዝማች ደጁን የያዘ ነው። ማሃል ሰፋሪው የንጉሠ ነገሥቱ የራሱ ጦር፣ ከድንኳኑ ዙሪያ የሚሰፍር ነው። እነዚህን ቃላት አንድ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ብትጽፋቸው የሰፈሩና የሰልፉ ካርታ በእጅህ አለ። በእርግጥ በ1888 ዓ.ም. ማዕረጎቹ ከቦታቸው ርቀው ሹመት ብቻ የሆኑበት ጊዜ ነበር፤ ሁሉም ግራ አዝማች በግራ አልተዋጋም። ቢሆንም ፊታውራሪ ገበየሁ ከፊት ቀድመው የወደቁት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህን ለባዕድ አንባቢ በሁለት አንቀጽ የሚያስረዳ መጽሐፍ ቢገኝ፣ ሰብሳቢው ቅርጾቹን "ሃያ ጦረኛ፣ ሃያ ጠመንጃ ያዥ" ብሎ በመሣሪያ መከፋፈሉን ትቶ በጌታቸው ይከፋፍላቸው ነበር፦ የራስ መኰንን ሰው፣ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር፣ የራስ መንገሻ ዮሐንስና የራስ አሉላ የትግራይ ሰዎች፣ የዋግ ሹም ጓንጉል፣ የእቴጌ ጣይቱ የራሳቸው ጦር። ኢትዮጵያዊው ወታደር "የማን ነህ?" ሲባል የሚመልሰው የሻለቃ ቁጥር አልነበረውም፤ የጌታውን ስም ይጠራል።

ልብሱም ቢሆን ለሚያነብ ሰው ይነበባል። የበግ ለምድ የለበሰና የአንበሳ ለምድ የለበሰ አንድ አይደሉም። አንፋሮ በራሱ ላይ ያሰረ ሰው የገደለው ነገር አለ፣ ወይም እንዲታሰብለት ይፈልጋል። ጋሻው በብር የተለበጠ ከሆነ ጌታ ነው፣ ወይም ጌታ የሸለመው ነው፤ ከኋላው ያንኑ ጋሻ ተሸክሞ የሚሮጠው ልጅ ደግሞ ጋሻ ጃግሬው ነው። በጠመንጃው ስም ብቻ የአገሩን የዚያን ዘመን ታሪክ ልትሰማ ትችላለህ፤ ስናይደር ሰናድር ሆኖ፣ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራ ሆኖ በቀረርቶ ገብቷል። ቅርጽ ቀራጩ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይከምራል። ለምድ፣ አንፋሮ፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ሁለት ጦር። ሃያ እንዲህ ያሉ ቅርጾች ስትገዛ ሃያ ራስ ገዛህ ማለት ነው፤ ወታደር የለህም።

የሸማውን ነጭነት በተመለከተ ለማንኛውም ቀቢ አንድ ምክር አለኝ፣ መጽሐፍ ላይ ያላገኘሁት። ሥዕሉ ላይ ሰው ነጭ ገጽ ላይ ቆሞ እንደ ጥምቀት ዋዜማ ታጥቦ ይታያል። የአጼ ምኒልክ ጦር ግን ከአዲስ አበባ የተነሳው በጥቅምት ነው። ወሎን አቋርጦ፣ አምባላጌን አልፎ፣ መቀሌን ከብቦ አድዋ ሲደርስ የካቲት ነው። አምስት ወር በአንድ ሸማ! መነሻ ቀለሙን ነጭ አታድርጉት። እንደ ጠላ ጭላጭ ያለ ግራጫማ ቡኒ ቀቡና እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ንኩበት። ጥለቱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ የዛገ ይሁን።

ለኢትዮጵያ ወገን ከመጽሐፏ የተሻለ የቀለም ሥዕል ያለን እኛ ነን፤ በየሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ የምናየውና የማናየው። የባህላዊውን የአድዋ ሥዕል ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል፦ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን አጼ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ጥላ ተይዞላቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ፣ መድፈኛው፣ ነጋሪት መቺው፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ሰልፍ ቀጥ ብሎ። ለሰብሳቢ ይህ ሀብት ነው። ጥላ የሚይዘው፣ ነጋሪት የሚመታው፣ ታቦት የሚያጅበው ካህን፣ ሁሉም በመደብር ዝርዝር የማይገኙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ይህንንም በጭፍን ማመን አይገባም። ሠዓሊዎቻችን ወዳጅን በሁለት ዓይን ጠላትን በጎን በአንድ ዓይን ሲስሉ የኖሩ ናቸው፤ ከሥዕሎቹም ብዙዎቹ የተሳሉት ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእኛ ሠዓሊ ለጣሊያን ያደረገውን የእነሱ መጽሐፍ ለእኛ አደረገ። ጣሊያኑ በእኛ ሥዕል ላይ ሁሉም አንድ ፊት ነው፤ የእኛ ሰው በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም አንድ ጦረኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ መቀባት ነው እንጂ አንዱን መርጦ ማረፍ አይቻልም።

ወደ ገበያው ስንመጣ ነገሩ ይከፋል፣ ትንሽም ያስቃል። የቅኝ ግዛት ዘመን ጦርነት የሚያዋጉ ሰዎች ልባቸው ያለው ዙሉላንድና ሱዳን ላይ ነው። "ዙሉ" የተሰኘው የ1964 እ.ኤ.አ. ፊልም ያደረገው ብዙ ነው፤ ለአድዋ እንዲህ ያለ ፊልም ያን ጊዜ አልተሠራለትም። ስለዚህ የዙሉና የመሐዲስት ወታደር በፕላስቲክ ሳጥን በርካሽ ይገኛል፣ ሐበሻው ግን በብረት፣ አንድ በአንድ፣ በውድ። እኔም እንደ ሌላው ሰው ወደ አቋራጩ ሄድኩ። የመሐዲስት ሳጥን ገዛሁ። ጅባ የሚባለውን የተጣጣፈ ቀሚሳቸውን በቢላ ፋቅሁት፣ ሁለት ክፍሎቹን ቀላቅለው እንደ ሊጥ በሚያቦኩት ማጣበቂያ ሸማ አለበስኳቸው፣ ቀይ ጥለት ጨመርኩ። ሦስት ምሽት ከሠራሁ በኋላ ነው ያደረግሁት የገባኝ። መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስን የገደለውን ጦር ሸማ አልብሼ ለአጼ ምኒልክ እያሰለፍኩ ነበር። አላፈረስኳቸውም፤ የተለፋባቸው ናቸው። ከኋላ ረድፍ አስቀምጬአቸዋለሁ።

መጽሐፏን ብቻ ማንሳት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የተቀቡት ቅርጾች የሚንቀሳቀሱት በሌላ መጽሐፍ፣ በጨዋታው ሕግ ነው። በዚህ ዘርፍ ስማቸው የገነነ ሁለት ሕጎችን ሞክሬአለሁ። አንዱ የአሜሪካዊው ላሪ ብሮም "ሰይፍና ነበልባል" ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ። በመጫወቻ ካርታ ይመራል፤ ቀይ ካርታ ሲመዘዝ የአንዱ ወገን ክፍል ይንቀሳቀሳል፣ ጥቁር ሲመዘዝ የሌላው። ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ለአድዋ ይህ ያልታሰበ ጸጋ ነው፤ የጣሊያን አራት ብርጌዶች ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት እርስ በርሳቸው መቼ ማን እንደሚደርስ አያውቁም ነበርና። ሁለተኛው ዳንኤል መርሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ስሙን ከኪፕሊንግ አጭር ልቦለድ የወሰደ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል መሪ በዳይስ የሚወጣ ጠባይ ይሰጠዋል፣ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ደጃዝማች ባልቻን የመሰለ ሰው እንደማንኛውም መኰንን ሊቆጠር አይችልም። ግን እግረኛውን "መደበኛ"፣ "ኢ-መደበኛ" እና "የጎሳ" ብሎ ይከፍላል፤ የጎሳው ሰው ብዙ ነው፣ ዋጋው በነጥብ ትንሽ ነው። ሕጉ ተጫዋቹን አያስገድድም፤ የኢትዮጵያን ጦር በፈለግኸው መደብ አስገባ ይልሃል። ተጫዋቹ ግን እጁ ሳያስበው "የጎሳ" ወደሚለው ይሄዳል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ማሃል ሰፋሪውን "መደበኛ" ብዬ አሰለፍኩት፤ ያን ዕለት ጣሊያንን ይጫወት የነበረው ወዳጄ ዋጋው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከጨዋታው ረዘመ።

የቁጥሩ ነገር ሌላ መከራ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ አድዋ ላይ 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በኢትዮጵያ በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠራው 100,000 ነው። አንድ ቅርጽ ሃያ ሰው ይወክላል ብንል ለጣሊያን 885፣ ለኢትዮጵያ 5,000 ቅርጽ ያስፈልጋል። በምሽት ሁለት ብቀባ፣ በዓልም ሰንበትም ሳልቆጥር፣ የኢትዮጵያ ጦር ብቻ ወደ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ቁራጭ ይመርጣል፦ የብርጌድ አዛዡ አልበርቶኔ ወደ እንዳ ኪዳነ ምሕረት አልፎ ሄዶ ብቻውን የተያዘበትን ጠዋት፣ ወይም ሌላው የብርጌድ አዛዥ ዳቦርሚዳ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የተዋጋበትን። ቁራጩ ሲመረጥ ግን ጦርነቱን የወሰነው ነገር ከጠረጴዛው ይወድቃል። ጣሊያኖች የካቲት 22 ለ23 ሌሊት በጨለማ ሲጓዙ የያዙት ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ተራራ የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦ ነበር። አልበርቶኔ ትክክለኛው ነው ያለው ተራራ ከሌሎቹ አራቀው፤ በመካከል የተከፈተው ክፍተት ነው በኢትዮጵያ ጦር የተሞላው። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ከላይ የሚያይ ተጫዋች እንዴት ይጠፋል? አንድ ዳኛ አስቀምጦ፣ ለጣሊያኑ ተጫዋች ሆን ተብሎ የተሳሳተ ካርታ ሰጥቶ፣ በሌላ ክፍል አስቀምጦ ማጫወት ይቻላል። ሞክረነዋል። ወዳጄ በሁለተኛው ሰዓት ተናዶ ካርታውን ቀደደው፤ ከዚያ የተሻለ የአድዋ ጨዋታ አልተጫወትኩም።

ከጠረጴዛው የሚወድቁ ሰዎችም አሉ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ጦር ጋር አድዋ ነበሩ፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የሰፈሩን ኑሮ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያገኛል። ያ ጦር ልጅ ነበረበት፣ ሴት ነበረችበት፣ እንስራ የተሸከመች፣ ወፍጮ ያዘለች፣ ሽሮ የምታማስል፣ በውጊያው ቀንም ውሃ የምታደርስ። አዝማሪ ነበረበት፣ በቅሎ ነበረበት፣ በግ ነበረበት። የጣሊያን ጦር የቸገረው ስንቁ ነበር፤ ባራቲየሪን ወደ ውጊያ ከገፉት ነገሮች አንዱ የሚበላው እያለቀበት መሄዱ ነው። ሆኖም ስለ ጦርነቱ በሚሸጡት ቅርጾች ውስጥ ስንቅ የለም። እንስራ ያዘለች ሴት ፈልጌ ያገኘኋት ከሌላ ዘመን፣ ለግሪክ ጥንታዊ ከተማ ከተሠራ ሳጥን ነው። ልብሷን ለውጬ ቀባኋት። ጨዋታው ላይ ማንም ነጥብ አልሰጣትም፤ እኔ ግን እሷ በቆመችበት ስድስት ጣት ርቀት ውስጥ ያለ ክፍል አንድ ዳይስ ይጨመርለት የሚል ሕግ በእርሳስ ጽፌአለሁ።

መጽሐፏን ግዟት ወይ ለሚለኝ ሰው፦ ጣሊያንን ለመቀባት አዎ። ለኢትዮጵያ ወገን መነሻ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕልና አንድ ጥሩ የአድዋ ሥዕል ፎቶ ያስፈልጋችኋል። በአንድ ነገር ግን መጽሐፏ ከእኛ ትሻላለች፣ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አስካሪውን ሙሉ ሰው አድርጋ ትይዘዋለች። የእኛ ተረክ አስካሪውን ወይ አይጠራውም፣ ወይ ባንዳ ብሎ ያልፈዋል፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በተማረኩት አስካሪዎች ላይ የተፈጸመውን የእጅና የእግር ቆረጣም በበዓል ቀን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሥራ አስካሪዎች ናቸው። ካልተሳሳትኩ አንድ ነገር ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። አንዳንድ ቅርጽ ሠሪዎች አካሉንና ራሱን ለየብቻ ይሸጣሉ። አካሉ ባዶ እግሩን የቆመ፣ ቀጭን፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ተርቡሽ ያለበትን ራስ ከለጠፍኩበት የአልበርቶኔ አስካሪ ይሆናል፤ ሹሩባ ያለበትን ከለጠፍኩበት የራስ መንገሻ ሰው ይሆናል። የካቲት 1888 ላይ፣ ውጊያው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጣሊያን ተለይተው ወደ አጼ ምኒልክ ገብተዋል፤ ከእነሱ ጋር የነበረው ሰውም አብሮ። በሁለቱም የጨዋታ ሕጎች ይህን የሚያሠራ አንቀጽ አላገኘሁም። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት ሃያ ቅርጾች መካከል የአሥራ ሁለቱን ራስ በማጣበቂያ አጣበቅሁ። የስምንቱን ራስ ግን ትንሽዬ ማግኔት አስገብቼበታለሁ፤ ይነቀላል።